የልክ ደብተሩ ሰባተኛ ገጽ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለባሌ አሥራ ሁለት መርፌዎች ላይ ክር አስገባሁለት። ስምንቱ ላይ ጥቁር፣ አራቱ ላይ የካኪ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የእሑድ ሥራችን ይህ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንመለሳለን፣ የቦዬ ሥር ቀቅለን በሚያቃጥል ዳጣ እንበላለን፣ እሱ ወንበሩን በሩ አጠገብ ያደርጋል። እኔ ብርሃን ወደሚገባበት ዞሬ ክሩን በየመርፌው እያስገባሁ አንድ አሮጌ ኮሌታ ላይ እሰካቸዋለሁ። ኮሌታው ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪናው አጠገብ ተንጠልጥሎ ይውላል። አንዱ ክር ሲያልቅበት ሌላውን መርፌ ይነቅላል እንጂ መንገደኛ ጠርቶ ክር አስገባልኝ አይልም። ልብስ ሰፊ ይህን ካለ ደንበኛው ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል ይል ነበር።

መርፌዎቹን ስጨርስ ደብተሩንና እርሳሱን አነሳሁ። ይህም የእሑድ ሥራችን ነበር፤ እሱ ልብስ ስለ ሰፋላቸው ሹሞች ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስድስተኛውን ሹም ባለፈው እሑድ ጨርሰን ነበር። አዲስ ገጽ ገልጬ «ሰባተኛው» አልኩት።

 ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ፣ የሌለ ጨርቅ እየለቀመ፣ ብዙ ቆየ።

«የእሱን ለሚመጣው እሑድ እናድርገው» አለኝ በመጨረሻ። «አንዱን እጅጌ ይዣለሁ። ሌላውን አላገኘሁትም።»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሚሰፋበት በረንዳ፣ የስፌት መኪናው ላይ ግንባሩን እንደ ደገፈ ሞተ። ያረፈ መስሏቸው ሁለት ደንበኞች ቆመው ጠብቀውታል። ኮሌታው ላይ ዘጠኝ መርፌዎች ቀርተዋል። ክራቸውን እስካሁን አላወጣሁም።

ባሌ ማርቆስ ይባላል። ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ ገበያው ዳር፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሰው ሲያናግረው መጀመሪያ ዓይኑን ሳይሆን ትከሻውን የሚያይ ሰው ነበር። አዲስ ሰው ካገኘን በኋላ ስለ ሰውየው ስጠይቀው፣ «ግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ሸክም ተሸክሞ ያደገ ነው» ይለኛል። ስሙን ግን ረስቶታል።

ሳገባው ፊደል አያውቅም ነበር። የደንበኞቹን ልክ በቃሉ ይይዛል፤ ሲበዙበት ክር ላይ ቋጠሮ እየቋጠረ በምስማር ይሰቅላል። እኔ የሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬ፣ እዚያው ታናናሽ ሴቶች ልጆችን ሳስተምር ነበር። ተጋብተን ሁለት ወር እንደ ሆነን፣ ጥቁር የሱፍ ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔው ሲያሰምር አየሁና ጠመኔውን ተቀብዬ ጨርቁ ላይ «ሀ» ጻፍኩ። ደነገጠ። የሰው ጨርቅ ነው አለኝ። ይራገፋል አልኩት። አራግፎ አየውና፣ «መልሰሽ ጻፊው» አለ። ፊደልን እንዲህ ጨረሰ፤ እሱ ሲሰፋ እኔ በተራረፈ ጨርቅ ላይ እየጻፍኩ፣ እየተራገፈ፣ ሌላ እየተጻፈ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ የጠራኝ «የኔታ» እያለ ነው። ሰው ፊት ሲለኝ አፍር ነበር። አሁን ማንም አይለኝም።

ጽሕፈት እንደ ቻለ መጀመሪያ የገዛው የልክ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ወፍራም፣ ጠርዙ ቀይ። ክሮቹን ከምስማሩ አውርዶ ቋጠሯቸውን እየፈታ ቁጥራቸውን አስገባበት። ለሱ ደብተሩ እንደ ሰው ነበር። ከልክ ደብተር ገጽ አይቀደድም ይላል። ገጹ የተቀደደበት ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም የሚል እምነት በሰፊዎቹ ዘንድ ነበር፤ እሱ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ነገር አያምንም፣ ይህን ግን ያምን ነበር።

ወደ አውራጃችን አዲስ ገዢ ሲሾም ከተማው መንገድ ወጥቶ ይቀበላል። በሳምንቱ ወይም በሁለተኛው ሳምንት ዘበኛ ወደ በረንዳው ይመጣና «ሜትርህን ይዘህ ና» ይለዋል። ሹም መልካት የራሱ ሥርዓት አለው። ሰፊው ከጎን ይቆማል እንጂ ፊት ለፊት አይቆምም። ሜትር አንገት ላይ አያዞርም፤ የአንገቱን ልክ ከአሮጌ ሸሚዝ ይወስዳል። ከሁሉም በላይ ቁጥሩን ድምፁን አውጥቶ አይናገርም። ደረቱን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን፣ ቁመቱን በሆዱ ይዞ፣ እጅ ነስቶ ወጥቶ፣ ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ማርቆስ በዚህ መንገድ ዘጠኝ ሹሞች ለክቷል። ሹም ሲሻር ደግሞ አሮጌ ልብሱን ለዘበኞችና ለበር ጠባቂዎች ሰጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ የማርቆስ ኮቶች አገሩን ሁሉ ዞረዋል። አንዳንዴ ከአረካ መንገድ ላይ በቅሎ የሚነዳ ሰው ያይና ይቆማል፤ «የአራተኛው ሹም ኮት ነው» ይለኛል። ስፌቱን በሩቅ ያውቀዋል።

አሁን ስለ ቴነሲ ልናገር። የልክ ደብተሩ ከልክ ደብተርነት ያለፈው በቴነሲ ምክንያት ነው።

ሶዶ ለማስተማር የመጣ አንድ ወጣት አሜሪካዊ ነበር። ኮሌታው የነተበ ሸሚዝ ይዞ ይመጣና ማርቆስ ኮሌታውን ገልብጦ ይሰፋለታል። አንድ ቀን በተሰበረ አማርኛው፣ አገሬ ቴነሲ የሚባል የአሜሪካ ክፍል ነው፣ የእኛ አገር አንዱ ገዢ እንዳንተ ልብስ ሰፊ ነበር አለው። ማርቆስ ሳቀ፤ ደንበኛ ሲቀልድ መሳቅ ወግ ነውና። ሰውየው ግን ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ መጽሐፍ ተወለት። ከመጀመሪያው ጀምሮ የቴነሲን ገዢዎች ታሪክ በተራ የሚናገር፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሥዕልና ጥቂት ገጽ የያዘ መጽሐፍ ነው። ማርቆስ እንግሊዝኛ አያውቅም። እኔም የማውቀው የስድስተኛ ክፍሉን ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ እሱ እየሰፋ፣ አንዱን ገዢ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት እንጨርሰዋለን።

ሥዕሎቹን ቀረብ አድርጎ ያያል። «ይኼኛው ኮቱ ሰውነቱ ላይ አልተቀመጠም፤ ተውሶ ነው የተነሣው» ይላል። አግብቶ ሦስት ወር ሳይሞላ ሚስቱ ጥላው ስለ ሄደች ሹመቱን ትቶ ወደ ጫካ፣ የአገሩ ነባር ሰዎች ጋር ሊኖር የሄደ ገዢ ነበር። ይህን ሳነብለት እግሩን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሳ። በሐዘን ሹመት የጣለ ሰው! ለደንበኞች ሁሉ ነገራቸው። ጎረቤታችን የጫማ ሰፊው፣ «ሚስቴ ብትሄድ እኔም የአባባን ሹመት እጥል ነበር፤ ችግሩ አባባ ሹመት አልተዉልኝም» አለው። ደግሞ ለአንድ ወንበር የተወዳደሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ቀን በሕዝብ ፊት ሲከራከሩ ይውሉና ማታ አንድ ክፍል ያድራሉ። ማርቆስ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የሳቀባቸውን ቀኖች አስታውሳለሁ።

ልብስ ሰፊው ዘንድ የደረስነው በክረምት ነው። ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ቆርቆሮው እየጮኸ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር። ድሃ ሆኖ ተወለደ፣ ትምህርት ቤት አልገባም፣ በልብስ ሰፊ ቤት አደገ፣ አገባ፤ እሱ ሲሰፋ ሚስቱ ጽሕፈትና ሒሳብ አስተማረችው ይላል። እዚህ ላይ ቆምኩ።

«ምነው?» አለ።

«ምንም።»

«መልሰሽ አንብቢው የኔታ።»

መልሼ አነበብኩት።  ገዢ ከሆነ በኋላም የእጁን ሙያ እንዳልረሳ፣ ጥንት ብረት ቀጥቃጭ ለነበረ አንድ ዳኛ በገዛ እጁ ኮት ሰፍቶ እንደ ላከለት፣ ዳኛውም በእጁ የቀጠቀጠውን የእሳት መጫሪያ እንደ ላከለት ይናገራል። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከማን ጋር እንደማይበላ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ማርቆስ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ብቻ ሲያወራ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን የሚቀጥለውን ገጽ አነበብኩለት። ያው ልብስ ሰፊ ኑሮው ሲደላ ባሪያ ገዝቷል ይላል። መቀሱን አስቀመጠ። የማርቆስ አያት በልጅነታቸው ከቤታቸው ተወስደው የተሸጡ ሴት ነበሩ፤ በሽምግልናቸው ተመልሰው መጥተው የወለዷቸውን ሰዎች ቤት ቦታ እንኳ አላገኙትም። መጽሐፉን ተቀበለኝና በደረቱ ገልብጦ መደርደሪያው ላይ አኖረው። ሳምንት ሙሉ እንዳነብለት አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ራሱ አውርዶ ሰጠኝ። «ይህን ማን ጻፈው?» አለኝ።

«የመጽሐፉ ደራሲ ነዋ።»

«የራሱ አገር ሰው?»

«አዎ።»

«ደጉንም ክፉውንም ጽፏል» አለ። ቆይቶም፣ «ኮት ሁለት እጅጌ አለው። አንድ እጅጌ ብቻ የሰፋ ሰው ኮት ሰፋሁ አይልም» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማርቆስ በልክ ደብተሩ ውስጥ ከሹሞቹ ቁጥር አጠገብ መጻፍ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ሹም አንድ ገጽ። በላይ ልኩ፣ ሲመጣና በየዓመቱ ኮቱን ሲያሰፋ የተለካው። ከሥሩ ያደረገው፣ ደጉም ክፉውም። የመጀመሪያውን ገጽ አስታውሳለሁ፤ «ደረት ዘጠና ሁለት፣ ወገብ ሰማንያ አራት፣ ሲሻር ወገብ ሰማንያ አራት። ለገበያው ዳስ አሠራ። ሰውን በስሙ አይጠራም፣ በጣቱ ይጠራል» ይላል። ሰዎች ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲሉ ሲሰማ፣ «የእኔ ደብተር በሳንቲ ሜትር ያውቀዋል» ይል ነበር፤ ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። እንደ ቴነሲዎቹ የእኛም ሹሞች በተራ ተጽፈው ልጆች እንዲያነቧቸው ይፈልግ ነበር። እንደሚታተም አላሰበም። ደብተሩ ራሱ መጽሐፍ ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔ ፊደሉን አርም ነበር። ስለዚህ ምን እንደ ተጻፈበት አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

ሰባተኛው ሹም በተሾመ በሁለተኛው ዓመት፣ ሐሙስ ቀን፣ ማርቆስ ክር ሊገዛ አረካ ሄዶ ሳለ ዘበኛው ባሻ ደስታ ቤታችን መጣ። ባሻ ደስታ ጉልበቱን የሚያመው፣ ደግ ሽማግሌ ነው። ሹሙ ለበዓል የሚሆን ኮት አዲስ አበባ ሊያሰፉ ነው፣ ልካቸውን ስጪኝ አለኝ። እኔ ወደ ሴቶች ጸሎት ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ ቆሜያለሁ። ቁጥሩን በወረቀት ልገልብጠው ብል እርሳስ አጣሁ። ገጹን ልቅደደው ብል የማርቆስ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከልክ ደብተር አይቀደድም። ደብተሩን እንዳለ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። «ቶሎ መልሱልን፣ ደብተሩ ለሥራው ያስፈልገዋል ብላለች በላቸው» አልኩና ወደ ጸሎቴ ሄድኩ። እዚያ ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ሌላዋ ሴት ስትጸልይ፣ ድንገት ሰባተኛው ገጽ በዓይኔ መጣ።

«ወገብ ሰማንያ ስምንት። በዓመቱ ዘጠና ስድስት። ከቆላ የመጡ ባለጉዳዮችን ሦስት ቀን ዝናብ ላይ አቁሞ ሳያያቸው መለሳቸው።»

ተነሥቼ ሮጥኩ። ባሻ ደስታ ግን ሹሙ ዘንድ ገብቶ ነበር።

ማታ ማርቆስ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ነገርኩት። አልጨመርኩበት፣ አላሳነስኩት፤ እኔ በእጄ ሰጠሁት አልኩ። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆመ።

«ቀድደሽ አልሰጠሽም?» አለኝ።

«አልቀደድኩም። ሙሉውን ነው የሰጠሁት።»

«ደግ አደረግሽ» አለ።

ያን ጊዜ ያለው ይህ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ፣ እስኪሞት ድረስ፣ ስለዚያ ቀን አንድም የወቀሳ ቃል አልሰማሁም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን የሚወቅሰኝ ሰው እኔው ብቻ ነኝ።

በማግሥቱ ጠሩት። የሆነውን እሱ በአጭሩ ነው የነገረኝ፤ በሙሉ የነገረኝ በሩ አጠገብ ቆሞ የሰማው ባሻ ደስታ ነው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል። ጸሐፊዎች ቆመዋል።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አሉት ሹሙ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ልብስ ሰፊ አይደለህም? ጽሕፈት ማን አስተማረህ?»

የእኔን ስም ቢጠራ፣ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ቢጠራ፣ በማግሥቱ እኔ ነበርኩ የምቀርበው። የሚስዮኑ ልጆችም ያለ አስተማሪ ይቀሩ ነበር። ማርቆስ ይህን ያውቃል።

«ልብስ ሰፊ ነው ያስተማረኝ ጌታዬ።»

«የት አለ?»

«ሞቷል። አገሩ ቴነሲ ነበር።»

ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ቴነሲ የት ወረዳ ነው?» አሉት። ጸሐፊው መሬት መሬት ሲያይ ሳሌን ዋጥኩት አለኝ ባሻ ደስታ፤ ሳል ያለው ሳቁን ነው።

ከዚያ ሹሙ ተነሡ። ሜትርህን ይዘሃል? አሉት። ልብስ ሰፊ ያለ ሜትር አይወጣም፤ አንገቱ ላይ ነበር። «ና ለካኝ» አሉት። እንደ ሥርዓቱ ከጎን ቆሞ ሜትሩን ወገባቸው ላይ አዞረ። ሲጨርስ እጅ ነስቶ ሊያፈገፍግ ሲል፣ «ጮክ ብለህ ተናገር» አሉት። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የሹም ቁጥር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«መቶ አራት» አለ።

በክፍሉ ውስጥ የቆመው ሁሉ ጫማውን አየ አለኝ ባሻ ደስታ። ሹሙ ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አደረጉ። «እዚህ ዘጠና ስድስት ይላል። እንግዲያው ደብተርህ ውሸታም ነው።»

«ደብተሩ አልዋሸም ጌታዬ» አለ ማርቆስ። «ጊዜው ነው የሄደው።»

ሹሙ ደብተሩን ዘጉት። ከዚያ፣ «ውጭ ተቀመጥ፤ እስክጠራህ» አሉት።

አልጠሩትም። በየቀኑ ጧት ሁለት ሰዓት ቀርቦ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ግቢው ውስጥ፣ ባለጉዳዮቹ ዝናብ ላይ የቆሙበት ቦታ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አልታሰረም፣ አልተከሰሰም። ቀርበሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም እንዲህ ሆነ። መስፋት አይችልም። ምሳውን በባሻ ደስታ እጅ እልካለሁ። አንዳንዴ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየዋለሁ፤ ጆንያ ራሱ ላይ አድርጎ፣ ዝናቡ ከጆንያው ጫፍ እየፈሰሰ፣ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ እየሰፉ። ምን ትሰፋለህ ብዬ ማታ ጠየቅኩት። «ያኔ ዝናብ ላይ የቆሙትን እያስታወስኩ እለካለሁ» አለኝ። «አሥራ አራት ነበሩ። አምስቱ ላይ ደረስኩ።»

ሳሉ የጀመረው በነሐሴ ነው። ከዚያ በኋላ ተሽሎት አያውቅም።

በመስከረም መጨረሻ ሹሙ በድንገት ተሻሩ። ለምን እንደሆነ እኛ አይነገረንም። እንደ ቴነሲዎቹ ወንበሩን ትቶ እዚያው ከተማ ሱቅ የሚከፍት፣ ሰው ሰላም የሚለው የቀድሞ ሹም በእኛ ዘንድ የለም፤ ሲመጣ ከተማው ይወጣል፣ ሲሄድ መንገዱ ባዶ ነው። ማርቆስ ግን በጧት ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ። የት ነው? አልኩት። ልሸኛቸው አለኝ። ተቆጣሁ። አራት ወር ዝናብ ላይ ያስቀመጠህን ሰው? አልኩት። «ሲመጡ ወጥቼ ተቀብያለሁ። ሲሄዱ ቤቴ ልቀመጥ?» አለና ወጣ። ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን ቆሞ ባርኔጣውን ሲያነሣ ያየው ሰው ነግሮኛል። የሹሙ መኪና አልቆመም።

ደብተሩ አልተመለሰም። ባሻ ደስታ ቢሮውን ሁሉ ፈልጎ አጣው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሹሞች መጥተው ሄደዋል። ማርቆስ ለካቸው፣ ሰፋላቸው፣ አልጻፈም። ዓይኑ እየደከመ ሄደ። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ መርፌዎቹን ሳስገባለት፣ «ደብተር ግዢ የኔታ» አለኝ። ቁጥሮቹ ጠፍተዋል አይደል? ስለው እጁን አሳየኝ። «ወረቀቱን ነው የወሰዱት» አለ። እውነትም ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን በአየር ላይ ዘርግቶ፣ የሞተውንም የሄደውንም ሰው ትከሻ በመዳፉ መሃል ያስቀምጥና ቁጥሩን ይነግረኛል። ከዚያ ደጉን፣ ከዚያ ክፉውን። ሁለቱ እጅጌ ካልተሟላ ገጹን አያስዘጋኝም። እንዲህ ስድስት ሹሞች ጻፍን።

ሰባተኛው ላይ ቆመ። የያዘው እጅጌ የትኛው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የፈለገው ደጉን ነበር። ያቺን እሑድ ጣቶቹ ሲለቅሙ የነበሩት እሱን ነው።

ከቀብሩ በኋላ ደብተሩን ብዙ ጊዜ ገልጫለሁ። ሰባተኛውን ገጽ አንድ እጅጌ ብቻ አድርጌ ልጽፈው ፈልጌ ነበር። ማን ይከለክለኛል? ሰውየው ባሌን ዝናብ ላይ አስቀምጠው ገድለውብኛል። እርሳሱን ያነሣሁበት ቀን አለ። ግን በላይ የሚጻፈው ልኩ ነው፤ ልኩን ደግሞ ሙሉውን አላውቅም። ደረቱን፣ እጅጌውን አልነገረኝም። ከልቤ ፈጥሬ ቁጥር ብጽፍ ያውቅብኛል የሚል ስሜት አለኝ። ስለዚህ ኮቱን መፈለግ ጀመርኩ።

ኮቱ ከባሻ ደስታ ወደ ወንድሙ ልጅ፣ ከእሱ ደግሞ ተበላ በምትባል ቆላ አገር ወደሚኖር አንድ ጥጥ ገበሬ ሄዷል አሉኝ። የገበያ ቀን በእግሬና በጭነት መኪና ወርጄ አገኘሁት። ገበሬው ሙቀቱ ስለማያስለብስ ለበዓል ብቻ ነው የማወጣው አለኝ። ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለካሁ። የወገቡ ስፌት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ተሰፍቷል፤ የተፈታው የመርፌ ቀዳዳ አሁንም ይታያል። ገበሩን ገልጬ የማርቆስን እጅ ሳይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ውሃ አምጥተው ሰጡኝ።

ውሃውን የሰጠችኝ የገበሬው ሚስት ናት። ኮቱ የማን እንደነበር ስነግራት፣ «እሳቸው ናቸው ይህን ውሃ የሰጡን» አለችኝ። ቀድሞ ከከብት ጋር እየተጋፋን ነበር የምንቀዳው፤ አንድ ቀን በዚህ ሲያልፉ ከበቅሏቸው ወርደው አዩንና ግንበኞች ልከው ምንጩን በድንጋይ አስከለሉልን፤ ከብቱ በታች፣ ሰው በላይ እንዲቀዳ አደረጉልን አለች። ከሳቸው በፊትም ከሳቸው በኋላም ማንም አላየንም አለች።

ወደ ሶዶ ስመለስ ደስ አላለኝም። አላገኘሁም ብዬ ብመለስ ኖሮ የሚሻለኝ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ደብተሩን ሳልነካ ቆየሁ። የያዝኩትን እጅጌ የማርቆስ ሳል በየሌሊቱ ያስታውሰኛል፤ ሌላውን እጅጌ ደግሞ ያቺ ሴት በጣሳ ሰጥታኛለች፣ ጠጥቼዋለሁም።

ትናንት ጻፍኩት። ደረት መቶ ሁለት፣ እጅጌ ስልሳ ሦስት፣ ወገብ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት፣ መቶ አራት። ባለጉዳዮችን ዝናብ ላይ አቆመ። ልብስ ሰፊው ማርቆስን አራት ወር ዝናብ ላይ አስቀመጠ። ተበላ ላይ ምንጭ አስከለለ። ገጹን ዘጋሁት።

የስምንተኛው ሹም ኮት ገሱባ፣ አንድ ዘበኛ ዘንድ ነው ይላሉ። የፊታችን የገበያ ቀን ሜትሩን ይዤ ወደ ገሱባ እሄዳለሁ።